እልኸኛ የቆዳ ሽፍታ፦ ከሐኪሙ ቅባት ሌላ አማራጭ አለ?

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ አነስተኛ ጁስ ቤት ያለኝ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በሁለቱም እጆቼ መዳፍና በጣቶቼ መካከል የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣብኝ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ይወጣሉ፤ ቀጥሎ ቆዳው ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ላይ ሎሚ ስጨምቅ ያንገበግበኛል። ክሊኒክ ስሄድ በትንሽ ቱቦ ቅባት ይሰጡኛል፤ ስቀባው ይጠፋል፣ ስተወው ይመለሳል። ስቴሮይድ ስለሆነ ቆዳ ያሳሳል ብለው ስላስፈራሩኝ አቋርጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እሬት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በሎሚ ሞክሬያለሁ። በቅርቡ ደግሞ ገበያ ውስጥ ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጥ ጠቆር ያለ የባህል ቅባት ገዝቼ ስቀባ በጥቂት ቀናት እጄ ንጹሕ ሆነልኝ፤ ሳቆመው ግን ከበፊቱ ብሶ መጣ። እጄን አይቶ የቀዳሁለትን ጁስ ሳይነካ ሒሳቡን ከፍሎ የወጣ ደንበኛ አለ። በሽታው ይተላለፋል? ያለ ስቴሮይድ የሚያድን የባህል ወይም የተፈጥሮ ሕክምናስ አለ?

ስሜ እንዲገለጽ አልፈልግም፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ስለ መተላለፉ ከጠየቁት ልጀምር። የገለጹት ሁኔታ ችፌ ከሆነ ከእርስዎ ወደ ደንበኛም ሆነ ወደ ልጆችዎ በመነካካት አይተላለፍም። ችፌ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ተዋሕሲ የሚያመጣው በሽታ ሳይሆን የቆዳ ብግነት (መቆጣት) ነው። ይህን ለደንበኞችዎም ሳያፍሩ ሊናገሩት ይችላሉ። መግል የቋጠረ ወይም ቢጫ ቅርፊት የያዘ ስንጥቅ ካለ ግን ባክቴሪያ ገብቶበታልና፣ ታክሞ እስኪደርቅ ድረስ ምግብና መጠጥ በባዶ እጅ አለመንካት ግድ ነው።

«ችፌ ከሆነ» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አማራጭ ሕክምና ከመፈለግ በፊት በሽታው ምን እንደሆነ በዓይን ያየ ሰው ሊያረጋግጥልዎ ይገባል። እከክም እንደ እርስዎ ሽፍታ በጣቶች መካከል ይወጣል፤ እከክ ሲሆን ግን ማሳከኩ ማታ ይብሳል፣ ከቤተሰቡም ሌላ ሰው አብሮ ማከክ ይጀምራል። ፈንገስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን እጅ ብቻ ይዞ፣ ከእግር ጣቶች ፈንገስ ጋር አብሮ ይታያል፤ ብግነትን የሚያበርደው ስቴሮይድ ሲቀባ ምልክቱ ለጊዜው ይደበቅና ውስጥ ውስጡን ይሰፋል። ሽፍታው ያለበት ቦታ ሲነካ የማይሰማ፣ የደነዘዘ ከሆነ ሥጋ ደዌ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ በነጻ የሚሰጥ ነው፣ ቶሎ ከተጀመረም የአካል ጉዳት ሳያደርስ ይድናል። በእኛ ቆዳ ላይ ብግነት ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ እንደማይታይም ልብ ይበሉ። ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ አመድማ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ይይዛል፤ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክትም ለወራት ስለሚቆይ ብዙ ሰው በሽታው ያልለቀቀው እየመሰለው መድኃኒት መቀባቱን ይቀጥላል።

በሁለቱም እጆች መውጣቱ፣ ውኃ መቋጠሩ፣ ሥራዎም ቀኑን ሙሉ ውኃና ሳሙና የሚያስነካ መሆኑ ሲደመር ወደ እጅ ችፌ ያመለክታል። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የተሠራው ከሴሎችና ሴሎቹን ከሚያያይዝ ቅባት ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከብርጭቆው ላይ ቅባት እንደሚያወጣ ሁሉ ከእጅዎም ላይ ይህን ቅባት ያወጣል። ቅባቱ ሲያልቅ ውኃ ከውስጥ ይተናል፣ ሎሚውና ሳሙናው ደግሞ ከውጭ ይገባል፤ ሰውነትም በብግነት ይመልሳል። ሙቀትና ነፋስ የማያጣው የአዳማ በጋ መድረቁን ያባብሰዋል። አንዳንዱ ሰው ከተፈጥሮው ቆዳው ለዚህ የተጋለጠ ነው። በአውሮፓ ብዙ የችፌ ሕሙማን ዘንድ የሚገኘው የፊላግሪን (የቆዳን ሽፋን የሚያጠነክር ፕሮቲን) ጂን ጉድለት በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ዘንድ እምብዛም እንዳልተገኘ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ስለዚህ የበሽታው መነሻ በሁሉም ሕዝብ አንድ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

አሁን ወደ ሞከሯቸው ነገሮች እንምጣ። በጣም ያሳሰበኝ ስም የሌለው ብልቃጥ ነው። ለዓመታት አልድን ያለ ችፌ በጥቂት ቀናት ድራሹ ጠፍቶ፣ ሲቆም ከበፊቱ ብሶ መመለሱ ብርቱ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት ዓይነተኛ ጠባይ ነው። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ሕሙማን «የዕፅዋት ነው» ተብሎ የተሸጠላቸውን 11 የቻይና ቅባቶች አስመርምረው በ8ቱ ውስጥ ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ማግኘታቸውን በ1999 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እርስዎ በገዙት ውስጥ ምን እንዳለ ሳይመረመር በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ነገር ግን ስቴሮይድ ሸሽተው ወደዚያ ከሄዱ፣ ዓይነቱና መጠኑ የማይታወቅ ስቴሮይድ እየተቀቡ ሊሆን ይችላል። ብልቃጡን አይጣሉት፤ ይዘውት ወደ ሐኪም ይሂዱ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀቡም ይንገሩ። ፊትዎ ላይ፣ በተለይም ዓይንዎ አካባቢ ፈጽሞ አይቀቡት፤ ለልጆችዎም እንዳይውል ይጠንቀቁ።

የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ጤነኛ ቆዳ ላይ እንኳ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ጤና አዳምና ሎሚ ደግሞ ሌላ ጠንቅ አላቸው። ሁለቱም ፀሐይ ሲመታቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ፉሮኮማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። እነርሱን ተቀብቶ የአዳማ ፀሐይ ላይ መውጣት በማግስቱ ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር መስመር ሊያስከትል ይችላል። ሎሚ ጨምቀው እጅዎን ሳይታጠቡ በር ላይ ፀሐይ ውስጥ ሲቆሙም ይኸው ሊደርስ ስለሚችል፣ ከሽፍታው ጎን እንዲህ ያለ ጥቁር መስመር ካዩ ምንጩ ሎሚው ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስቱን ያለ ማመንታት ይተዉ ዘንድ እመክራለሁ።

እሬት ለብዙ ሰው የማቀዝቀዝ ስሜት ይሰጣል። ለችፌ የሚያድን መሆኑን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ግን የለም፤ ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽም ያስቆጣል። የሚጠቀሙ ከሆነ ቢጫው ተንጠፍጥፎ ከወጣ በኋላ ጥርት ያለውን ውስጡን ብቻ፣ ያውም ስንጥቅ በሌለበት ቦታ ይሁን። ስለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ከሌሎቹ የተሻለ ነገር መናገር ይቻላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኢራን ውስጥ 60 የእጅ ችፌ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከዘይቱ የተሠራ ቅባት ቤታሜታሶን ከተባለው ስቴሮይድ ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳሳየ ዘግቧል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቅባቱም በመጠን ተለክቶ የተዘጋጀ እንጂ ከሱቅ የተገዛ ዘይት አልነበረም። ዘይቱ ራሱ አለርጂ ያስነሳባቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ መሞከር ከፈለጉ ጥቂት ጠብታ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለተከታታይ ቀናት ቀብተው ይዩ፤ ካላሳከከና ካልቀላ ወይም ካልጠቆረ በተጨማሪነት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ዋናውን ሕክምና እንዲተካ ግን አልመክርም።

ወደፈሩት ቅባት ልመለስ። ስቴሮይድ ቆዳ ላይ መቀባት የተጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. በሃይድሮኮርቲሶን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ጥቅሙም ጉዳቱም በደንብ ታውቋል። ቆዳ ያሳሳል የተባለው እውነት ነው፤ ይህ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ብርቱው ዓይነት፣ እንደ ክሎቤታሶል ያለው፣ ፊት፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ወይም ያለ ዕረፍት ለወራት ሲቀባ ነው። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም በመሆኑ ደካማው ዓይነት አይበቃውም፤ ስለዚህ ሐኪም ለእጅ ጠንከር ያለ ቅባት ለተወሰኑ ሳምንታት ቢያዝ ስህተት ሠራ ማለት አይደለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ቱቦው እንዴት እንደሚሠራበት ሳይነገር በእጅ ተይዞ መውጣቱ ነው፤ ሰው መድኃኒቱን የሚጠላውና ወደ ገበያ ብልቃጥ የሚሄደው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ከአመልካች ጣትዎ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ መስመር ከቱቦው ሲያወጡ 0.5 ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህ የአንድ እጅን መዳፍና ጀርባ ይሸፍናል። ለሁለቱም እጆች 1 ግራም ያስፈልጋል፤ እንግዲህ የ15 ግራም ቱቦ በቀን አንድ ጊዜ ለሚቀባ ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ነው የሚበቃው። ያንኑ ቱቦ ለወራት እየቆጠቡ እዚህም እዚያም ጠብ የሚያደርጉ ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ ብግነቱ ሳይጠፋ ይቀርና መድኃኒቱ አልሠራም ይባላል። ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ አያቁሙ፤ ቆዳው በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ እስኪሆን ይቀጥሉ። ከዚያም ሐኪምዎ ከተስማማ ወዲያው ከመተው ይልቅ ዘወትር በሚመለስበት ቦታ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መቀባት እንዳያገረሽ ይረዳል። ስቴሮይድ ጨርሶ ካልተስማማዎት ታክሮሊመስ የሚባል ቆዳ የማያሳሳ ቅባት አለ። መጀመሪያ ሰሞን ያቃጥላል፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ለፊትና ለዓይን ሽፋን ግን ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ሆኖ ይታዘዛል።

ይህ ሁሉ እጅዎ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ እየዋለ ከንቱ ድካም ነው። ቆዳው የዳነ መስሎ ከታየ በኋላም መከላከያው ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል፤ እንደገና የሚያገረሽብዎትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ብርጭቆ ሲያጥቡ ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት፣ ከላይ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ጓንት ያድርጉ፤ የውስጡ በላብ ሲረጥብ ይቀይሩት፣ ምክንያቱም በላብ የራሰ ጓንት ራሱ ችፌ ያባብሳል። ሎሚና ብርቱካን በእጅ ሳይሆን በመጭመቂያ ይጨመቅ፣ የሚላጠውንም የሚያግዝዎት ሰው ካለ ለጊዜው ይተዉለት። ቀለበትዎን በሥራ ሰዓት ያውልቁ፤ ሥሩ የሚቀረው ሳሙና ሲታጠቡ አይወጣም፣ ብዙ ጊዜ የእጅ ችፌ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበው፣ በጣቶችዎ መካከል ያለውን በደንብ አድርቀው፣ ወዲያው ቫዝሊን ይቀቡ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ወፈር አድርገው ቀብተው የጥጥ ጓንት፣ ከሌለም ንጹሕ የጥጥ ካልሲ አጥልቀው ይደሩ። ሽቶ የሌለው ተራ ቫዝሊን ርካሽ ነው፣ አለርጂም እምብዛም አያመጣም፤ ከጠየቁኝ «የተፈጥሮ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ይልቅ ገንዘብዎን ለእርሱ ቢያወጡ እመርጣለሁ።

በዚህ ሁሉ ካልተሻለዎት ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎልዎ ወደ ቆዳ ስፔሻሊስት ይሂዱ። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ዛሬ በአገሪቱ ከሚታወቁት የቆዳ ሕክምና ማዕከሎች አንዱ ነው፤ ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ሩቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ክርኔና ጉልበቴ ላይ፣ ራስ ቅሌም ላይ ወፍራም፣ እንደ ቅርፊት የሚላጥ ሽፍታ አለብኝ። ሐኪም ሶርያሲስ ነው ብሎኛል። አባቴ ደምህ ስለቆሸሸ ነው፣ ዋግምት አስደርግ ይሉኛል፤ ጓደኞቼ ሶደሬ ሄደህ ተዘፈዘፍ ይላሉ፤ እናቴ ደግሞ ጸበል እንድጠመቅ ትፈልጋለች። የትኛውን ልስማ?

ወጣት አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አባትህን በትሕትና አስረዳቸው እንጂ ዋግምቱን አልደግፈውም። ሶርያሲስ ከደም መቆሸሽ አይመጣም፤ የሰውነት መከላከያ የቆዳ ሴሎችን ከልክ በላይ በፍጥነት እንዲባዙ ሲያደርግ የሚፈጠር ነው። ከዚህም በላይ የሶርያሲስ ሕመምተኛ ቆዳው በተበጣበት ወይም በተፋቀበት ቦታ ላይ አዲስ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል፤ ለመዳን ተብሎ የተበጣው ጀርባ በሳምንታት ውስጥ በሽፍታ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ምላጩ በሚገባ ካልጸዳ ደግሞ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ኤችአይቪ የመተላለፍ አደጋ አለ። ሂጃማም ቆዳ የሚበጣ እስከሆነ ድረስ ጉዳዩ ያው ነው።

ሶደሬን በተመለከተ፣ ጓደኞችህ ፈጽሞ የተሳሳቱ አይደሉም። በማዕድን ውኃ መታጠብና ፀሐይ መሞቅ ለሶርያሲስ እንደሚረዳ በሙት ባሕር ዳርቻ ለረጅም ጊዜ ታይቷል፤ ከጥቅሙ ብዙውን ድርሻ የያዘው ግን የፀሐይ ጨረር ነው፣ ውኃው ቅርፊቱን ያለሰልሳል። ዛሬ ሐኪሞች ከዚሁ ጨረር 311 ናኖሜትር የሆነውን ብቻ ለይቶ በሚሰጥ መብራት ያክማሉ። ስለዚህ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሶደሬ ሄደህ ብትታጠብ አልቃወምም። ከሚያቃጥለው ፍል ውኃ ሳይሆን ለብ ካለው ግባ፣ ብዙ አትቆይ፣ ስትወጣ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቀህ ቫዝሊን ተቀባ፣ በቀትር ፀሐይም ቆዳህ እስኪቃጠል አትተኛ። የተገለጠ ቁስል ካለህ ከሕዝብ ገንዳ ራቅ። ሽፍታው ሶርያሲስ ሳይሆን ችፌ የሆነበት ሰው ግን ፍል ውኃ ለጊዜው ማሳከኩን ያስታግስለትና ቆዳውን አድርቆ በማግስቱ ያብስበታል፤ ለአንዱ የረዳ ነገር ለሌላው የማይሆነው ለዚህ ነው።

እናትህ የጠየቁህ ጸበል ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለአንተም ያው ነው፣ ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም አታቋርጥ። በተለይ ማንም «ቶሎ የሚያደርቅ» ብሎ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ክኒን ወይም መርፌ እንዳይሰጥህ ተጠንቀቅ፤ ሲቆም ሶርያሲስን መላ ሰውነት ወደሚያዳርስ፣ መግል ወደሚቋጥር አደገኛ መልክ ሊለውጠው ይችላል። ጠዋት ስትነሣ ጣቶችህ ወይም ወገብህ የሚተሳሰር ከሆነም ሳትውል ሳታድር ለሐኪምህ ንገር፣ በሽታው መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላልና።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ልጄ ጉንጩና ክርኑ ላይ ችፌ አለበት። አያቱ ቅቤ ትቀባዋለች። ጉዳት አለው?

እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ አያትየው በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ ቢሆንም ቅቤውን ባይቀቡት ይሻላል። ቅቤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ የተነጠረው ደግሞ ቅመም አለበት፤ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል የሚገባ የምግብ ፕሮቲንም ሕፃኑን ለምግብ አለርጂ ሊያጋልጠው እንደሚችል ይታመናል። የወይራ ዘይትም የቆዳውን መከላከያ እንደሚያዳክም በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። የግድ ዘይት ይሁን ከተባለ ንጹሕ የኮኮናት ዘይት ይሻላል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ 117 ችፌ ያለባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ከማዕድን ዘይት የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ቫዝሊንም ይበቃል፤ ለብ ባለ ውኃ ለአጭር ጊዜ ታጥቦ፣ ገላው ገና እርጥበት እንዳለው ይቀባ። ሐኪም 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ካዘዘለት ደካማው የስቴሮይድ ዓይነት ነውና አይፍሩት። በጡት የሚመገብ ከሆነ ያለ ሐኪም ምክር እንቁላል፣ ወተት ወይም ሌላ ምግብ ከራስዎ አይከልክሉ።

ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ልጅዎን እንዳይስመው። ምቹን የሚያመጣው ቫይረስ ችፌ ያለበት ሕፃን ቆዳ ላይ በፍጥነት ይዛመታል። በችፌው ላይ በድንገት አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ መሐላቸው የተቦረቦረ የሚመስል ቁስሎች ተሰባስበው ካዩና ልጁ ካተኮሰው ወይም ጡት አልጠባ ካለ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።